ትንፋሽ መቁጠር እናውቅበታለን

ባለፈው ሳምንት ለሐኪሞች የተዘጋጀ የግማሽ ቀን ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ከዲዩቲ፣ ማለትም ከአዳር ተረኝነት፣ እንደወጣሁ ነው በቀጥታ የገባሁት። ርዕሱ ጭንቀትን በአተነፋፈስ ስለመቆጣጠር ነበር። አራት እየቆጠርን አየር ሳብን፣ አራት እየቆጠርን ያዝን፣ አራት እየቆጠርን አወጣን። ከጎኔ የነበረው ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ ሁለተኛው ዙር ላይ እንቅልፍ ጣለው። አሠልጣኟ አይታ ዝም አለችው። በልቤ አመሰገንኳት።

እስከዚህ ድረስ ምንም አልከፋኝም። የከፋኝ መዝጊያው ላይ ነው። አንድ የሆስፒታሉ ኃላፊ ተነሡና እንዲህ አሉን፦ «ሥራው ለሁሉም ያው ሥራ ነው። አንዱ ሲጨነቅ ሌላው የማይጨነቀው አቀባበሉ ስለሚለያይ ነው። ጭንቀቱ ያለው ጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው።» ከዚያም ልምምዱ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በየጠዋቱ ከሞርኒንግ፣ ማለትም ከጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ፣ በፊት ለአምስት ደቂቃ እንደሚካሄድ አስታወቁ። አቴንዳንስ ይያዛል። የቀረ ይጠየቃል።

ቤቴ ገብቼ መተኛት ነበረብኝ። ንዴት ከለከለኝ።

ከመጨረሻው ቃላቸው ልጀምር። ጭንቅላታችን ውስጥ ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውትን፣ ማለትም ሰው በሥራ ዝሎ ዝሎ የሚያልቅበትን ነገር፣ በበሽታዎች መመደቢያው ውስጥ ሲያሰፍር በሽታ አላለውም። ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። መነሻውንም ጽፎታል፦ በአግባቡ መላ ያልተበጀለት፣ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና። የሥራ ቦታ! የሐኪሙ ጭንቅላት አላለም። ያውም በጤናው ዘርፍ ኃላፊ የሆነ ሰው ይህን አለማወቁ ያሳፍራል። አውቆ ከተናገረው ደግሞ የባሰ ነው።

«ጠንካራ ሁኑ» የሚለውም ምክር ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ5,000 በላይ ሐኪሞችን ጠይቆ ነበር። ሐኪሞች ችግርን ተቋቁሞ በመቀጠል ከሌላው ሠራተኛ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ግን በዚሁ መለኪያ የመጨረሻውን ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት ውስጥ እንኳ 29 በመቶው በርንአውት ላይ ነበሩ። ከዚህ በላይ ጥንካሬ ከየት ይምጣ? መለኪያው ራሱ እኮ እዚያ ላይ አለቀ።

አሁን አንድ ሌሊት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንዲት ወጣት መጣች። ድካሙ የጀመራት ከእግሯ ነበር። ነርቭን የሚያጠቃ ሕመም ነው፤ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ደረቷ ላይ ደረሰ። መተንፈሻ ጡንቻዎቿ ዛሉ። እንዲህ ያለ ታማሚ ጊዜ ካገኘ ይተርፋል። ጊዜ ማለት ደግሞ ሕመሙ እስኪለቃት ድረስ የሚተነፍስላት ማሽን ነው። ቱቦ አስገባን። ማሽን ግን የለም። አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ፣ ሞልቷል። ሌሎች ሆስፒታሎች ጋ ደወልን። የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ አልጋ የለም።

ስለዚህ በእጅ ሆነ። አምቡ ባጉን፣ አየር የሚገፋውን የእጅ ከረጢት፣ በየስድስት ሴኮንዱ መጭመቅ ነው። በደቂቃ 10፣ በሰዓት 600። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት። እኔ ጀመርኩ። ኢንተርኗ፣ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዋ፣ ተቀበለችኝ። ከዚያ ድንገተኛ ክፍል ሌላ ሰው ወድቋል ተብለን ሁለታችንም ስንጠራ ባጉን ለወንድሟ ሰጠነው። እህቱን ከገጠር ይዞ የመጣ ልጅ ነው። አብሬው እየቆጠርኩ አሳየሁት። «እስከ ስድስት ቁጠርና ጭመቅ። ደረቷ ከፍ ማለቱን እያየህ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዶክተር፣ እንቅልፍ ቢጥለኝስ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። እየሮጥኩ ሄድኩ። በየመካከሉ ብቅ ብዬ አየዋለሁ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ይቆጥራል።

በዚያ ሌሊት ተጨንቄአለሁ። ልቤ ይደልቃል፣ እጄን ያልበኛል። ታዲያ ያ ጭንቀት ስህተት ነበር? አቀባበሌ ተበላሽቶ ነው? የሰው ነፍስ በአንድ እንቅልፍ ባጣ ልጅ እጅ ላይ ተንጠልጥላ የማይጨነቅ ሐኪም ካለ፣ እኔ የምፈራው እሱን ነው። ጭንቀቴ እውነቱን ነበር የሚነግረኝ። ማሽን የለም፣ ሰው የለም፣ አሁን የሆነ ነገር ሊበላሽ ነው እያለ። ይህን ለማንም አለቃ ሪፖርት ባደርግ የምጽፈው ይህንኑ ነው። ጭንቀቱ ሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱን የሚቀበል ጠፍቶ፣ ሪፖርት አቅራቢው አየር እንዲስብ ሲታዘዝ እንደ ስድብ ነው የምቆጥረው።

ማሽኑ በማግስቱ ጠዋት ተገኘ። ልጅቷ ተረፈች። እኔ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ሞርኒንግ አለ። ራውንድ፣ ታማሚዎችን በየአልጋቸው እየዞሩ ማየት፣ አለ። ከሰዓት በኋላ ተመላላሽ ክፍል አለ። በገባሁ በ34ኛው ሰዓት ወጣሁ። ሐኪም የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ እንደ ጀብዱ አይደለም የማወራው። በ30ኛው ሰዓት ላይ የፖታሲየም መጠን ስጽፍ ዜሮዎቹን ሦስቴ፣ አራቴ እቆጥራለሁ። አንዲት ዜሮ ሰው ትገድላለች። አንባቢ ሆይ፣ ያንን መድኃኒት የምትወስደው እናትህ ልትሆን ትችላለች። ጉዳዩ የሐኪም ምቾት ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል።

የአተነፋፈስ ልምምድ ይሠራል ወይ ለሚለኝ፣ አዎ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ለአንድ ወር በቀን አምስት ደቂቃ ትንፋሻቸውን ረዘም አድርገው ሲያስወጡ የከረሙ ሰዎች ስሜታቸው ተሻሽሏል። እኔም ቱቦ ከማስገባቴ በፊት አንዴ ረዥም ትንፋሽ አወጣለሁ። እጄ ይረጋልኛል። የምሰጠው ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ አላልፍም።

ምክንያቱም ነገሩ ሲጀመር ለምን እንደተጀመረ መታወስ አለበት። ማይንድፉልነስን፣ ማለትም ትንፋሽንና ስሜትን በጽሞና የማስተዋል ልምምድን፣ ወደ ሆስፒታል ያስገባው አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሙን ሲከፍት፣ የመጡለት ሕክምና ሊያስወግድላቸው ያልቻለ የቆየ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች ነበሩ። ሊነቀል ያልቻለን ስቃይ ተሸክሞ ለመኖር ነው የተማሩት። የእኛ ግን ይነቀላል! የ34 ሰዓት ዲዩቲ ከሰማይ አልወረደም። ሰው ነው ቁጭ ብሎ ፕሮግራሙን የሚያወጣው። ፊርማ አለበት፣ ማኅተም አለበት። በፊርማ የመጣን ነገር እንደማይድን በሽታ ተሸከሙት ማለት ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

ጥናቱም ያንኑ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ1,500 በላይ ሐኪሞች የተሳተፉባቸው 19 ጥናቶች በአንድ ላይ ተመዝነው ነበር። ሐኪሙን ብቻ ለመለወጥ የሞከሩት ያመጡት ለውጥ ትንሽ ነው። የሥራ ጫናውን፣ የዲዩቲውን አደረጃጀት የነኩት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል።

«አገሩ ድሃ ነው፣ በጀት የለም» ይባላል። ይህን ስሰማ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው። ማሽን ውድ ነው፣ ይገባኛል። ዲዩቲ ያደረ ሰው ጠዋት አስረክቦ ቤቱ ይሂድ ለማለት ስንት ዶላር ያስፈልጋል? ለዲዩቲ ክፍል በር ቁልፍ ለመግጠምስ? አልጋው ላይ አንሶላ ለማንጠፍስ? እኔ ወንበር ሁለቱን ገጥሜ ተኝቻለሁ። ነፍሰ ጡር የሆነች የሥራ ባልደረባዬ መሬት ላይ ካርቶን አንጥፋ ተኝታለች።

የሰው ኃይል የለም የሚለውንም አልቀበልም። በዚህ አገር ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ነው ያለው። እንዲያም ሆኖ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዓመታት ተምረው፣ ተመርቀው፣ ምደባ አጥተው ቤት የተቀመጡ ሐኪሞች አሉ። ዲግሪያቸውን ይዘው ሌላ ሥራ የሚፈልጉ አሉ። እኛ እዚህ በ34ኛው ሰዓት እንወድቃለን፣ እነሱ እዚያ ስልክ ይጠብቃሉ። ይህን ሁለት ነገር አንድ ላይ አስቀምጦ ማየት የማይችል አስተዳደር ስለ ጭንቀት ሊያስተምረኝ አይችልም።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያው ጥያቄውን በአደባባይ አንስቷል። ተመጣጣኝ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የተጋላጭነት ክፍያ፣ ራሱ ሲታመም የሚታከምበት ዋስትና። በዚያ ሰበብ የታሰሩም ነበሩ። ሌላውን ሲያክም ኖሮ ለራሱ መታከሚያ ያጣ ሰው የጠየቀው ይህን ነው። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ መካከል መልስ ሆኖ የመጣልን ማንም ያልጠየቀው የአምስት ደቂቃ ልምምድ ነው። ያውም በግዴታ። ያውም ከሞርኒንግ በፊት፣ ዲዩቲ ያደረው ሰው ታማሚዎቹን በሚያስረክብባት፣ ፊቱን በሚታጠብባት፣ ሻይ በሚጎነጭባት ደቂቃ ላይ።

አሠልጣኟን አልወቅስም። ሥራዋን በፍቅር ነው የሠራችው። ልምምዱም ለፈለገ ሰው ይኑር፣ ክፍል ይሰጠው፣ በእረፍት ሰዓት ይሁን። አስገድዶ ማስተንፈስ ግን ይቅር።

ካልቀረና አቴንዳንሱ መያዙ የማይቀር ከሆነ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በዚያው ወረቀት ላይ፣ ከስማችንና ከፊርማችን ቀጥሎ፣ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይሠመር። «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?» ይበል። በየጠዋቱ በሐቀኝነት እንሞላለን። ኃላፊውም ወሩ ሲያልቅ ደምረው ለበላይ አካል ይላኩት።