እንስሳ ወዳጁ ብዙ፣ አካፋ ያዡ ጥቂት

እንስሳ የማይወድ ሰው ስልክ ደውሎልን አያውቅም። ወደ መጠለያችን የሚደውል ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ «እኔ እኮ እንስሳ በጣም ነው የምወደው» ይላል። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር! አያልቅም። «ግን» ይከተላል። ከ«ግን» በኋላ ደግሞ ውሻ ይመጣል። አንዳንዴ ድመት ከነግልገሎቿ፣ አንዳንዴ ጥንቸል፣ አንዳንዴም ያረጀ ፈረስ።

ምክንያቶቹ ብዙ አይደሉም። ቤት ልንቀይር ነው። ልጃችንን አለርጂ ያዘው። ሥራ በዛብን። «ሰለቸኝ» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። በተለይ አለርጂው ይገርመኛል። ውሻው እዚያ ቤት ውስጥ ዓመታት ኖሯል፤ አለርጂው የመጣው ከአዲሱ ሶፋ ጋር ነው። ሐኪም አይደለሁምና አልከራከርም። ስልክ የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚማረው አለመከራከርን ነው። ትንሽ ድምፅህን ካጠነከርክ ደዋዩ ይቀየምና ስልኩን ይዘጋል፤ ውሻው ደግሞ በማግስቱ በራችን ላይ ታስሮ ይገኛል። የተቀየመው እኛን፣ የተቀጣው ውሻው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ማጽናኛው ነው። «ይረሳናል፣ እንስሳ አይደል?»

አንድ ሰውዬ ሁለት አህዮች ነበሯቸው። አንዷን እንድንወስድላቸው ፈለጉ። «ሁለቱንም ካልሆነ አንወስድም» አልናቸው። ያሾፍንባቸው መሰላቸው። እኛ ግን የምራችንን ነበር። አህያ ጓደኛ ያበጃል። ከጓደኛው ሲነጥሉት መብላት ሊያቆም ይችላል። መብላት ሲያቆም ሰውነቱ ያጠራቀመውን ስብ ወደ ደሙ ይለቃል። ስቡ ደሙን ያጥለቀልቀዋል፣ ጉበቱንም ያውካል፤ ቶሎ ካልታከመ ይገድለዋል። ስለዚህ አንዷ አህያ ሐኪም ቤት ስትሄድ ሌላዋም ምንም ሳያማት አብራ መኪና ላይ ትወጣለች። አስታማሚ ሆና መሆኑ ነው። አንዷ ብትሞት እንኳ ሬሳው ወዲያው አይነሳም። ጓደኛዋ ቀርባ፣ አሽትታ፣ በራሷ ጊዜ ዞር እስክትል ይጠበቃል። ካላየች ስትፈልግና ስታናፋ ትሰነብታለች። «ያህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል። ይሁን። ቢያንስ ግን «ቤት ልንቀይር ነው» ብሎ ስልክ አይደውልም።

ወደ ዕለት ሥራችን ልመለስ። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሱን አውራ ዶሮዎች ናቸው። ከሚገባው በላይ አውራ ዶሮ አለን። ሰው ጫጩት ይገዛል፤ እንቁላል ትጥልልኛለች ብሎ የሴት ስም ያወጣላታል፤ ከዚያ አንድ ሌሊት ላይ «እሷ» ጉሮሮዋን ጠርጋ ማንነቷን ታሳውቃለች። በማግስቱ ስልካችን ይጮኻል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ አውራ ዶሮ የሚጮኸው ጎህ ሲቀድ ስላየ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ሰዓቱ ሰውነቱ ውስጥ ነው፤ ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ባለበት ቤት ውስጥ ዘግተው ቢያቆዩትም ሰዓቱን ጠብቆ ይጮኻል። በ2015 ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ። አብረው ከሚኖሩ አውራ ዶሮዎች መጀመሪያ የሚጮኸው አለቃው ነው። የበታቾቹ በማዕረጋቸው ቅደም ተከተል ይከተላሉ። ሰብሳቢው ሳይናገር ማንም እጁን የማያወጣበት ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ለማወቅ ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

ዶሮው ከጮኸ በኋላ አካፋ ይነሳል።

አንድ ፈረስ በቀን 20 ኪሎ ገደማ ፋንድያ ያወጣል። ይህ አንዱ ፈረስ ብቻውን ነው። የአህዮቹ ፋንድያ አለ። የላሟ እበት አለ። የፍየሎቹ በጠጥ አለ። የዶሮዎቹ ኩስ አለ። የድመቶቹን አሸዋ ገና አላነሳሁም። ጠርገህ፣ ጠራርገህ፣ ወገብህን ስታቀና ከኋላህ ጧ ይላል። ዞር ብለህ ስታየው ፈረሱ ሩቅ ሩቁን ያያል፤ እሱ የለበትም።

ሰው ይህን ሥራ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ ያደርገዋል። አይደለም። የሆድ ትል እንቁላል በፋንድያው ወጥቶ ሣሩ ላይ ይፈለፈላል፤ ከሣሩ ጋር ተመልሶ ወደ ፈረሱ ሆድ ይገባል። ፋንድያውን በጊዜ ካነሳህ ትሉ መመለሻ ያጣል። ደግሞ ፋንድያ ወሬ ይነግርሃል። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ ሆዱ የገባው ነገር መውጫው አንድ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጋጣው ንጹሕ ሆኖ ካገኘነው «ተመስገን» አንልም። ሐኪም ጋ ነው የምንደውለው። ሆድ ቁርጠቱ ለፈረስ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። እንዲህ ነው ኑሯችን፦ ሲበዛ እናማርራለን፣ ሲጠፋ እናለቅሳለን።

በጎ ፈቃደኞች የሉንም እንዳልል አሉን፤ እንዲያውም ብዙ ናቸው። ግድግዳው ላይ የሥራ ድልድል የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ። «የድመት ግልገሎችን ማላመድ» ከሚለው ሥር ስም በዝቶ ቦታ ጠፍቷል፤ አንዳንዱ ስሙን ኅዳጉ ላይ በጎን ጽፎታል። «ጋጣ ማጽዳት» ከሚለው ሥር ያለው ቦታ ግን ንጽሕናው ያስቀናል። ጋጣው ራሱ እንደዚያ ቢሆን እንዴት ደስ ባለን! እርግጥ ግልገል ማላመድም ሥራ ነው። ከተወለዱ በ2ኛውና በ7ኛው ሳምንት መካከል የሰው እጅ ያልለመዱ ግልገሎች ካደጉ በኋላ ሰው ማስጠጋት ይከብዳቸዋል። የእኛዎቹ ግን እጅ ለምደው ጨርሰዋል። አሁን የቸገራቸው እንቅልፍ ነው። አንዱ አቅፎ ሲያስቀምጣቸው ሌላው ያነሳቸዋል፤ ሦስተኛው ፎቶ ለማንሳት ይቀሰቅሳቸዋል። ነጭ ጫማ አድርጎ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ወደየት እንደሚሄድ መጠየቅ አያስፈልግም።

አዲስ የገቡ ውሾች ለብቻቸው ስለሚቆዩም ብዙ እንሰደባለን። «ምስኪኑን አሰራችሁት!» ይሉናል። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ቡችላ ይጨርሳል። አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙና አይበግረውም፤ በረኪና ይፈልጋል። በጫማም ይጓዛል። አዲስ ውሻ ሁለት ሳምንት ያህል ተለይቶ የሚቆየው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ አስረድተን ስንጨርስ ጠያቂያችን ከለቅሶ ድምፅ ጋር «ብቻ አንዴ ልዳብሰውና ከዚያ ቡችሎቹን ልይ» ይላል።

በፈረንጆቹ ኦክቶበር 4 ዓለም አቀፍ የእንስሳት ቀን ነው። ያን ቀን መጠለያው አፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ሁሉም ሰልፊ ይነሳል። አንድ ጊዜ አንዱን አህያ ከብበው «እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ንቅንቅ አይልም!» እያሉ ፎቶ ሲነሱ፣ የጋጣ ኃላፊያችን ጥግ ይዛ ሐኪሙን በስልክ ትለምን ነበር። አህያ ሕመሙን ይደብቃል። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ይንከባለላል፣ ያልበዋል፣ መሬት ይጎደፍራል። አህያ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ዝም ያለ አህያ ብዙ ጊዜ የጸና ሕመም ያለበት አህያ ነው። አህያው ታክሞ ዳነ። ፎቶዎቹ ላይ ያለው ግን ያ የሕመም ፊቱ ነው፤ ከሥሩ «ሰላም የሰፈነበት ዓይን» ተብሎ ተጽፎበታል።

ስለ ምግብ ካነሳሁማ አላቆምም። አንዲት ደግ እናት የአህዮቹን ግርግም አይተው እንባ ተናነቃቸው። «ጭድ? ጭድ ነው የምታበሏቸው?» አሉ። አዎ እማማ፣ ጭድ ነው። አህያ የዘር ሐረጉ ከአፍሪካ የዱር አህያ፣ ከደረቅ ምድር ነው። ሆዱ የተሠራው ከደረቅና ከሻካራ መኖ ጉልበት ለማውጣት ነው። እህልና ዳቦ ሲበዛበት አንገቱ ላይ ስብ ይከመራል፤ ሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ይቆጣና መርገጥ ያቅተዋል። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተረዱ መሰለን። በማግስቱ ሙሉ ከረጢት ዳቦ ይዘው መጡ። «ለእናንተ ብዬ ነው» አሉ። እኛ ጋ ሳይደርስ ግማሹ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ ነበር።

«እባክዎ እንስሳቱን አይመግቡ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍን። ፍየሉ በላው።

ስለ ፍየል የሚወራው ሁሉ እውነት አይምሰላችሁ። ያገኘውን ሁሉ ይበላል የሚሉት ሐሜት ነው። ፍየል ነገሮችን የሚመረምረው በከንፈሩ ነው፤ ምርመራው አንዳንዴ ሩቅ ይሄዳል እንጂ። ምግብ ላይ ግን ከሁሉም ይመርጣል። መሬት የነካ ድርቆሽ አይቀምስም። ለዚህ ነው ድርቆሹን ከፍ አድርገን የምንሰቅልለት፤ ታዲያ ግማሹን ራሱ ጎትቶ ይጥለዋል፣ ከዚያ ወድቋል ብሎ ይጠየፈዋል። ማስታወሱስ! እንግሊዝ ውስጥ አንድ የፍየሎች መጠለያ ላይ በተሠራ ጥናት፣ ገመድ ስቦና ማንሻ ወደ ላይ አንስቶ ከሣጥን ውስጥ ምግብ ማውጣት የተማሩ ፍየሎች ከ10 ወር በኋላም ዘዴውን አልረሱትም። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የእኛዎቹ የበሩን መቀርቀሪያ አንዴ ተምረዋል። ከዚያ ወዲህ መቀርቀሪያ የምንለውጠው ተስፋ ባለመቁረጣችን ብቻ ነው። መቀርቀሪያውን የሚከፍተው አንዱ ነው፤ የሚወጡት ሁሉም ናቸው። የመጨረሻው ፍየል በሩን መልሶ ቢዘጋ ቅር ባላለኝ።

የእንስሳት ደህንነት ነገር ሲነሳ አምስቱ ነፃነቶች የሚባሉት ይጠቀሳሉ። መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1965 እንግሊዝ ውስጥ አንድ የመንግሥት ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርት ነው። ኮሚቴው እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ሰውነቱን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት ይቻለው አለ። በ1979 ተስተካክለው የዛሬውን መልክ ያዙ። ከረሃብና ከጥም ነፃ መሆን፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት፤ ደግሞም የተፈጥሮ ባሕርይን መግለጽ። ቢሯችን ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፈዋል፤ ፍየሉ በማይደርስበት ከፍታ። ከሥሩ የሚቀመጠው ሰው ቁርሱን ከቀትር በኋላ ይበላል፤ እግሩን አይዘረጋም፤ እግሩ ሥር ሁልጊዜ የሆነ ሰው የጣለው ቡችላ አለ። በተለይ የመጨረሻዋ ነፃነት ለእሱ አልተፈቀደችም። ፍየሉ ባሕርይውን ጃኬታችን ላይ ይገልጻል። ድመቷ በጥፍሯ ትገልጻለች። ፈረሱ ከላይ እንዳልኩት ነው። ስልክ የያዘው ሰውዬ ብቻ «ገባኝ እናቴ፣ ይገባኛል፣ አለርጂ ከባድ ነው» ይላል።

ውሻ ሊወስዱ የሚመጡትም አሉ፤ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ይብዙልን። የሚፈልጉት ውሻ ግን ገና አልተፈጠረም። የማይጮኽ ግን ቤት የሚጠብቅ። ጸጉሩ የማይረግፍ ግን ለስላሳ የሆነ። ቡችላ ሆኖ የማያድግ። ቅጽ ስናስሞላቸው ይከፋቸዋል። «ግቢዎ አጥር አለው ወይ?» የምትለዋ ጥያቄ ብቻዋን ከስንቱ ጋር አጣልታናለች።

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንስሳ እንደማይወዱ በግልጽ የነገሩን ሰው አንድ ናቸው፤ አጥር የሚያዋስኑን ጎረቤታችን። ጸባቸው ከአውራ ዶሮዎቹ ጋር ነው። ግን አትክልት ይወዳሉ። አትክልታቸው ደግሞ ፋንድያ ይወዳል። በየሳምንቱ ከረጢትና የራሳቸውን አካፋ ይዘው ይመጣሉ፤ ሰሌዳው ላይ ስማቸው ሳይኖር ከበጎ ፈቃደኞቻችን ሁሉ የበለጠ ይጭናሉ። ሙያውንም ያውቁበታል። ትኩስ የዶሮ ኩስ ተክል ስለሚያቃጥል ክምሩን ከሥር ቆፍረው የሰነበተውን መርጠው ነው የሚያወጡት። እየጫኑ ይወቅሱናል።

«ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን አልከደንኩም። ያ ዶሮ አንድ መላ ይበጅለት!»

«ይቅርታ ጋሼ። የሚወስደው ሰው አጣን።»

«ማንም ይውሰደው። ሁሉም ይሂዱ፤ እኔ ምን ቸገረኝ!»

«ሁሉም ከሄዱ እኮ ኩሱም ይቀራል፣ ጋሼ።»

አካፋው አየር ላይ ቆመ። ክምሩን አዩ፣ ከረጢቱን አዩ።

«እንግዲያው የቀሩት ይቆዩ» አሉ። «ያን ቀድሞ የሚጮኸውን ብቻ አስወግዱት።»

«እሱ ቢሄድ ምክትሉ ይጀምራል። ጃፓኖቹም አይተውታል።»

ጥቂት አሰቡና አካፋውን ክምሩ ውስጥ ሰደዱት።

«ምክትሉ» አሉ፣ «ድምፁ ቀጠን ይላል?»