ማስተካከያ፦ ብርብራ እንደ ኩራሬ አይሠራም

ባለፈው ጽሑፌ፣ ጎጃም ውስጥ ወንዝ ላይ ተበትኖ ዓሣ የሚያደነዝዘው የብርብራ ፍሬ «እንደ ኩራሬ የጡንቻን ተቀባይ ይዘጋል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ ጡንቻው ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገጥም ጡንቻው ይኮማተራል። የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን ይቀቡበት የነበረው ኩራሬ የተቀባዩን ቦታ ይይዛል። ገብቶ የማይከፍት ቁልፍ በሉት። ጡንቻው ይዝላል፤ የመተንፈሻው ጡንቻ ሲዝል ደግሞ ያው ሞት ነው።

ብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን ግን ዋና ጥቃቱ ሌላ ቦታ ነው። የሴልን ኃይል ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያን ያውካል። ዓሣው ኦክስጅን አግኝቶም አይጠቀምበትም።

ማላቲዮን የተባለውን ፀረ ተባይም ከኩራሬ ጋር ደርቤው ነበር። ይሄኛው ስሕተት ይብሳል፤ አሠራሩ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ፀረ ተባዩ አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያግዳል። ኬሚካሉ ይከማችና ተቀባዩን ፋታ ይነሳዋል። ጡንቻው መጀመሪያ ይርገበገባል፣ ኋላ ይሽመደመዳል። ለዚህ መመረዝ ሐኪም የሚሰጠው አትሮፒንም የሳንባን ፈሳሽ ያደርቃል እንጂ የጡንቻውን መዛል አይፈታም፤ እሱ የሚሠራው ሌላ ዓይነት ተቀባይ ላይ ነው።