«ና» ብላችሁት ለመጣ ውሻ ቁጣ አይገባውም

ስለ ውሻ ማሰልጠን ያነበብኩት ጽሑፍ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። «ቡችላ 6 ወር ሳይሞላው ማሰልጠን አይቻልም» የሚለው ያረጀ አስተሳሰብ ነው። በ8 ሳምንቱም «ተቀመጥ»ን መማር ይችላል። እንዲያውም ከ3 እስከ 14 ሳምንት አካባቢ ያለው ጊዜ ሰውን፣ ድምፅንና ሌሎች እንስሳትን የሚለምድበት ወሳኝ ወቅት ነው። ያ ካለፈ ፍርሃቱን ማስለቀቅ በጣም ይከብዳል። (ክትባቱ እስኪያልቅ ግን ብዙ ውሻ ከሚመላለስበት ቦታ አርቁት።)

ዋናው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ሽልማቱ ልክ ሲቀመጥ፣ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። እናንተ ኪሳችሁን እስክትፈትሹ እሱ ተነስቷል፤ ስለዚህ የሸለማችሁት መነሳቱን ነው። ትእዛዙንም አንዴ ብቻ ተናገሩ። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ እንጂ!» ካላችሁት ሦስተኛውን መጠበቅ ይለምዳል። ቤተሰቡም በአንድ ቃል ይስማማ። አንዱ «ና»፣ ሌላው «ወዲህ» እያለ ምስኪኑን ግራ ባያጋባው ጥሩ ነው።

«ና» ብላችሁት ከመጣ ደግሞ በፍጹም አትቆጡት። ጫማ በልቶም ይሁን፣ ዘግይቶም ይሁን። ቁጣውን የሚያያይዘው ከጫማው ጋር ሳይሆን ከመምጣቱ ጋር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠሩት ይሸሻል።

ትልልቅ ውሾችም ይማራሉ፤ ትኩረታቸው አንዳንዴ ከቡችላ ይሻላል። የሚያስቸግረው የቆየ ልማድን ማስተው ነው። በድንገት «ተቀመጥ» ሲባል እምቢ ማለት የጀመረ ውሻ ካላችሁ ግን መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው። እልኸኛ ያላችሁት መገጣጠሚያው አሞት ሊሆን ይችላል።