ማንም የማይበላበት መመገቢያ ክፍል

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ የከተማ ዳርቻዎች ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በእንግድነት የሄደ ሰው፣ ዋናውን በር እንዳለፈ በቀኝ ወይም በግራ በኩል መጀመሪያ የሚያየው ብዙውን ጊዜ መመገቢያ ክፍሉን ነው። አሜሪካኖች ይህን ክፍል ከማዕድ ቤቱ ለይተው የሚሠሩት ለበዓልና ለክብር እንግዳ እራት በመሆኑ፣ የእኛም ሰው እንደዚያው አድርጎ ያሰናዳዋል። ስምንት ወንበር ያለው ረጅም ጠረጴዛ፣ ከበላዩ የተንጠለጠለ ባለ ብዙ አምፖል መብራት፣ መሀሉ ላይ የማይጠወልግ አበባ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በዓመት አንዴ እንኳ የማይነኩ ሲኒዎችና ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ቡፌ ይታያል። ቤተሰቡ ግን እዚያ አይበላም። ልጆቹ ማዕድ ቤት ባለው ከፍ ያለ ባንኮኒ ላይ ይቆነጥራሉ፣ አባት ማታ ከሥራ ሲመለስ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል፣ ቡናው ደግሞ ቤዝመንት ውስጥ ይፈላል። በጠረጴዛው ላይ የሚውለው ያልተከፈተ ደብዳቤ፣ የልጆች ደብተርና ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሻንጣ የተዘጋጀ ልብስ ነው።

አዲስ አበባም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተስፋፉት ኮንዶሚኒየሞች ሳሎኑና መመገቢያው አንድ ክፍል ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ቤተሰብ ግድግዳውን የሚሞላ ሶፋ ካስገባ በኋላ በቀረችው ቦታ ባለ ስድስት ወንበር ጠረጴዛ ይጨምርበታል። ወንበር ወደ ኋላ ተስቦ ሰው እንዲነሳና ሌላው ከጀርባው እንዲያልፍ በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ይህ ስለማይገኝ ግማሾቹ ወንበሮች ለዘለዓለሙ ከጠረጴዛው ሥር እንደተሸጎጡ ይቀራሉ። የጠረጴዛው ልብስ በዳንቴል፣ ዳንቴሉ በላስቲክ ይሸፈናል፤ ምግቡም የሶፋው ፊት ባለችው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። በሁለቱም አገር ክፍሉ የሚያጌጠው ለሚያየው እንጂ ለሚበላበት አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

ለእኔ የነገሩ ሥር ያለው ትሪው ላይ ነው። እንጀራችን ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ክብ ነው፤ ከአንድ ትሪ አብሮ የሚበላ ቤተሰብ ደግሞ ሁሉም እጁ እኩል እንዲደርስ ይፈልጋል። 100 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ መሀል ትሪ ቢቀመጥ፣ ጫፍና ጫፍ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ከትሪው ጠርዝ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃሉ። እነዚህም እንደ ባህላችን ብዙውን ጊዜ በዕድሜና በክብር የሚበልጡት ናቸው፤ እነሱ ጎንበስ እያሉ ሲጎርሱ ወይም የቤቱ እመቤት ሁለተኛ ትሪ ስታመጣ እናያለን። ዲያሜትሩ 120 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን አራት ሰው ተመቻችቶ፣ ስድስት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ከማንኛውም ወንበር እስከ ትሪው ያለው ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። መሶብን ክብ አድርገው የሰፉት ባለሙያዎች ይህን ስሌት በእጃቸው ያውቁት ነበር። በአንጻሩ ከኮሮና ወዲህ ለየብቻ በሳህን መብላትን የመረጡ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ለእነሱ ረጅሙ ጠረጴዛ ተገቢ ነው፣ ጥቅል እንጀራና ጭልፋ መሀል ላይ ይቀመጥላቸዋል። ጠረጴዛ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ከአንድ ትሪ ነው ወይስ በየሳህናችን የምንበላው?» የሚለው ሆኖ ሳለ፣ ሲጠየቅ የሰማሁት የእንጨቱ ቀለም ነው።

መሶቡ ራሱ በሁለቱም አገር ከቤት ወጥቶ ወደ ባህል ምግብ ቤት ገብቷል። ቤት ውስጥ የቀረው ባዶውን ክዳኑን ደፍቶ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማል። ይህን እንደ ውድቀት ብቻ የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችን በዝቅተኛ በርጩማ ላይ አስቀምጦ «እንደ ቤትዎ ነው» ማለት፣ ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች ደግነት አይደለም። የማዕድ ቤቱ ባንኮኒ ረጅም መቀመጫ ደግሞ ከበርጩማው የባሰ ነው። አዛውንት ያለበት ቤት መቀመጫው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ መደገፊያና ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ቢያንስ ሁለት ያስፈልገዋል፤ ከሌሎቹ ወንበሮች ጋር ባይመሳሰልም ምንም አይደለም።

ስለ ጌጥ ሲነሳ በሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉትን የሐረሪ ቤቶች የሚያክል ትምህርት ቤት አላውቅም። በዋናው ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች እያንዳንዱ ሰው እንደ ማዕረጉ የሚቀመጥበትን ቦታ ይወስናሉ፤ ግድግዳውን የሸፈኑት ስፌቶችና ሳህኖች ደግሞ በሠርግና በበዓል የሚያገለግሉ ዕቃዎች ናቸው። እኛ ውጭ ያለነው ስፌቱን ገዝተን መጥተን አንዱን ብቻውን በሰፊ ነጭ ግድግዳ መካከል እንሰቅለዋለን፣ ከዚያም ለምን እንዳላማረ እንገረማለን። የሐረሪ ግድግዳ የሚያምረው በብዛቱና በአደራደሩ ነው፤ ትልቁ ከትንሹ ጋር ተጠጋግቶ፣ ቀለሙ ቀለሙን እየጠራ።

አሁን በአዲስ አበባ አፓርታማዎችም በአሜሪካም ማዕድ ቤቱ ለሳሎን ክፍት እየሆነ መምጣቱ ሌላ ጣጣ ጨምሯል። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ለሰዓታት በሚቁላላበት ቤት፣ ወፍራም መጋረጃና በጨርቅ የተለበጠ ወንበር ሽታውን ይዘው ሳምንት ይሰነብታሉ። በእንዲህ ያለ ቤት የሚታጠብ ስስ መጋረጃ፣ የእንጨት ወይም የቆዳ ወንበር ይሻላል። ነጭ የጠረጴዛ ልብስም ቢሆን ከቀይ ወጥና ከእርድ ጋር ብዙ አይኖርም፤ ጠቆር ያለ ቀለም ወይም ባዶ እንጨት ለዕለት ተዕለቱ ይበቃል፣ ነጩ ለበዓል ይቀመጥ።

መብራት ላይ ግን አገር ቤት ያለው ወገኔ ቢሰማኝ ደስ ይለኛል። አምፖል ሲገዛ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን ከተጻፈ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ ለሱቅ ይሆናል፤ በእንጀራና በምስር ወጥ ላይ ሲያርፍ ግን ምግቡን ያገረጣዋል። 2700 የተጻፈበት ቢጫ ብርሃን ወጡን ያሳምራል፣ የሰውንም ፊት ያለሰልሳል። መብራቱ ከጠረጴዛው በላይ ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢንጠለጠል ዓይን አይወጋም። ጣሪያው ዝቅ ባለ ኮንዶሚኒየም ግን ጠረጴዛው ቦታ በተቀየረ ቁጥር የተንጠለጠለው መብራት ጭንቅላት ስለሚመታ ከጣሪያ ጋር የተጣበቀው ይመረጣል።

በአንድ ነገር አዲስ አበባ ዋሽንግተንን ትበልጣለች። ብዙ የአገር ቤት ቪላዎች ከሳሎኑ አጠገብ በኮሪደሩ ላይ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ አላቸው፤ እንግዳ በእጁ እንደሚበላ ቤቱን የሠራው ሰው አስቦበታል። እዚህ አሜሪካ እንግዶች ሳህን በሞላበት የማዕድ ቤት ገንዳ ፊት ይሰለፋሉ፣ አለዚያም ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳሉ። ማስታጠቢያና ኩስኩስት ቡፌ ላይ ለጌጥ ከሚቀመጡ ይልቅ በበዓል ቀን ልጆቹ ይዘውት ቢዞሩ፣ ሰልፉም ይቀር ነበር፣ ልጆቹም ታላላቆቻቸውን ማስታጠብ ይለምዱ ነበር።

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ የማውቃቸው ባልና ሚስት ረጅሙን ጠረጴዛ ሸጠው ክብ ጠረጴዛ አስገብተዋል፤ ለፋሲካና ለገና ደግሞ የሚታጠፉ ጠረጴዛዎች ጋራዥ ውስጥ አላቸው። ዘመድ ሁሉ «ሰው ስታበዙ የት ልታስቀምጡ ነው?» እያለ ይወቅሳቸዋል። እነሱ ግን ማታ ማታ ከልጆቻቸው ጋር እዚያው ይበላሉ፤ ደብዳቤው አሁን የሚከማቸው ቡፌው ላይ ነው።