የአርመኖቹ ትምህርት ቤት የጣሊያን ሥራ አይደለም

ስለ አዲስ አበባው የአርመን ትምህርት ቤት የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ሕንፃውን «የጣሊያን ዘመን ቅርስ» ማለታችሁ ግን አልተዋጠልኝም። ይኸው ትምህርት ቤት፣ ኬቮርኮፍ፣ ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት የነበረ ነው። ስሙንም ያገኘው ገንዘብ ከለገሰው የትምባሆ ነጋዴ ከማቲግ ኬቮርኮፍ ነው። ፒያሳ አካባቢ ያረጀ ድንጋይ ባየን ቁጥር ለጣሊያን መስጠት ለምዶብናል እኮ!

ደግሞ አርመኖች የመጡት ከአርባዎቹ ልጆች ጋር ነው ብላችኋል። እነዚያን ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ለሙዚቃ ባንድ። ነጋዴው፣ ወርቅ ሠሪውና ግንበኛው ግን በምኒልክ ጊዜ እዚሁ ነበሩ። ትምህርት ቤት ያስፈለገውም ልጆቻቸው ቋንቋቸውን እንዳይረሱ ነው።

ስለ አሠራሩ ሰፋ አድርጋችሁ ብትጽፉ ጥሩ ነበር። የአዲስ አበባ የድሮ አርመን ቤቶች ውበታቸው በረንዳው ላይ ነው። ከታች የድንጋይ ግንብ፣ ከላይ የእንጨት በረንዳ፣ ደረጃው በውጭ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ ፍጹም ሌላ ነው፤ ሾጣጣ ጉልላቱ የአርመን አገሩን አሠራር የተከተለ ነው። በሚቀጥለው ጽሑፍ ፎቶ ጨምሩበት፣ በተለይ የበረንዳዎቹን።