ሰው የሌለ መስሏቸው ነበር

«በዚህ ሌሊት የሚወቅጠው ማነው? ኧረ ሰው እንተኛበት!»

ይህ መልእክት የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተጻፈው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው። ከሥሩ አንዱ «ልጄን ቀሰቀሰብኝ» አለ። አንዷ «ነገ ለማኅበሩ እንናገር» ብላ ጻፈች። ሌላው የሚስቅ ፊት ለጠፈ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተጻፈም።

የሚወቅጥ ሰው አልነበረም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ስልካቸው መኝታ ቤት ነው። ተጣርተው ድምፃቸው አልወጣ ሲላቸው፣ እጃቸው የደረሰበትን ዘነዘና ይዘው ወለሉን መቱ። እስኪደክማቸው ድረስ መቱ።

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ በተለይ እንደኔ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው የተነሳሁት።

ነገሩ የሆነው እዚሁ መሀል ከተማ፣ ልደታ አካባቢ ነው። ሌሊቱ የውኃ ፈረቃችን ነበር። ስለዚህ «ተኝተን ነበር» ማለት አይቻልም። በየቤቱ በርሜልና ጀሪካን እየተሞላ ነበር። ግድግዳችን ደግሞ ብሎኬት ነው። የጎረቤት ሳል ይሰማል፤ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ይሰማል። ዘነዘና ወለል ላይ ሲያርፍማ ምድር ቤት ድረስ ይሰማል። ሁሉም ሰማ። የሰማው ሁሉ ስልኩን አነሳ እንጂ በሩን አልከፈተም። አንድ ደረጃ ወጥቶ «ምን ሆነዋል?» ያለ ሰው የለም።

እኔ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቤት ብሆን እነሳ ነበር ብዬ አልምልም። ጠዋት ስመለስ፣ ዳቦ የሚያደርስላቸው የሱቁ ልጅ በራቸውን ይደበድባል። «እማማ በዚህ ሰዓት ሳይከፍቱ ቀርተው አያውቁም» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ልማዳቸውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ጥበቃውን ጠርተን በሩን ሰበርን። እማማ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ናቸው። መጀመሪያ ውኃ ጠየቁ። ቀጥለው «ልጆቼ፣ አስቸገርኳችሁ» አሉ።

907 ደውለን አምቡላንስ ጠራን። ባለሙያዎቹ ዕድሜያቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ ጠየቁን። እርስ በርስ ተያየን። ስኳር እንዳለባቸው የነገራቸው ያው የሱቁ ልጅ ነው። ሻያቸውን ያለ ስኳር እንደሚጠጡና ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አጫውተውት ነበር። ሊፍት የለንም። ከአምቡላንሱ ሰዎች ጋር ሆነን ጠባቡን ደረጃ ቀስ እያልን አወረድናቸው። በሮች የተከፈቱት ያኔ ነው። «ውይ እማማ! ምን ነካቸው?» ብሎ ደረቱን ከደቃው አንዱ፣ ሌሊት «ልጄን ቀሰቀሰብኝ» ያለው ሰው ነበር።

እስከዚህ ያለውን በድካም፣ በስንፍና፣ በፍርሃት ላመካኘው እሞክራለሁ። ቀጥሎ ያለውን ግን አልችልም።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ አንድ ጎረቤት አብሮኝ ነበር። እማማ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ። «ብዙ መታሁ። የፋሲካ ሰሞን አይደል፣ ሁሉም ዘመዱ ጋ ሄዷል፣ ሰው የለም ብዬ ተውኩት።» ጎረቤቴ አንገቱን ደፍቶ «አዎ እማማ፣ ሰው አልነበረም» አላቸው። ሰው ነበር። እሱ ራሱ ነበር። እሳቸው ግን እኛን የሚያስምር ምክንያት ፈልገው አገኙልን፤ እኛ ደግሞ ተቀበልናቸው። ይህን ውሸት ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

እኚህ እናት ዕጣ ደርሷቸው እዚህ ከመግባታቸው በፊት የፈረሰው የልደታ ሰፈር ውስጥ፣ የቀበሌ ቤት ነበራቸው። ያንን ኑሮ አላሞግስም። ጣሪያው ያፈሳል፤ መጸዳጃው ለስንት ቤት ነበር። ግን በር ሳይከፈት ከረፈደ «እገሊት ደህና ናት?» ይባል ነበር። ኮንዶሚኒየሙን ያቀዱት ሰዎችም ይህ ጠፍቷቸው አልነበረም። ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ ብለው በየግቢው የጋራ ቤት ሠርተዋል። የኛው ለዕቃ ማከማቻ ተከራይቷል። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖረን አድርጓል። ማኅበሩ የሚሰበሰበው ስለ ውኃ ፓምፕና ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። ተከራይማ ከነጭራሹ አይጠራም። ስንቱ ቤት ውስጥ ያለው ግን ተከራይ ነው።

ዕድር አለን ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አለን። እማማ ያን ሌሊት ሞተው ቢሆን ኖሮ ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከል ነበር። ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ እስከ ሠልስት ድረስ በየተራ እናመሽ ነበር። በሕይወት ስለነበሩ ብቻ የሚደርስላቸው አጡ። ይህ አያማችሁም? እኔን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ዘመኑ ያስፈራል፣ ሌሊት በር አይከፈትም የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ አትክፈቱ። ለጥበቃው መደወል ምን ይከብዳል? «እማማ ጋ ድምፅ አለ፣ እስቲ እዩልን» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለዚያ ግን ድምፁ ከማን ቤት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ከላይ ያለው ማነው? ብቻውን ነው? ልጆቹ የት ናቸው? ይህን በቀን፣ በደህናው ጊዜ ጠይቁ። በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ የተነሱ ሰዎች ስንት ዓመት የለመዱትን ጎረቤት ትተው በየቦታው ገብተዋል። ከእነሱ አንዱ አጠገባችሁ ካለ፣ ቡና አፍልታችሁ ጥሩት። እስኪለምድ አትጠብቁ።

ደክሞኛል። እንዲህ ያለው ነገር ይወራል፣ ሰው ከንፈሩን ይመጣል፣ ከዚያ ይረሳል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ፎቅ ያለች አንዲት ተከራይ ልጅ በየበሩ እየዞረች የሰዉን ስምና የቅርብ ዘመድ ስልክ መዝግባለች። አንዳንዱ «ለምንሽ ነው?» ብሎ መልሷታል። ተመልሳ አንኳኳች። ዝርዝሩ ጥበቃው ጋ ተቀምጧል። ያልተመዘገባችሁ የብሎኬ ሰዎች፣ ዛሬ ውረዱና ተመዝገቡ። በሌላው ብሎክ ያላችሁም እንዲህ ያለች ልጅ እስክትመጣላችሁ አትጠብቁ።

እማማ አሁን የእህታቸው ልጅ ጋ ናቸው። መራመድ ሲጀምሩ ቤቴ እመለሳለሁ ይላሉ። ከመመለሳቸው በፊት እውነቱን ማወቅ አለባቸው፤ የሚነግሯቸውም የሰሙት ሰዎች መሆን አለባቸው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። ያን ሌሊት የጻፋችሁም፣ ሰምታችሁ ዝም ያላችሁም፣ አብራችሁኝ ኑ። ግቢው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ብዙ ሰው አልጠብቅም። አንድ ሁለት ሰው ግን ይመጣል ብዬ አምናለሁ።