«ሦስት ነገር ከቀየርክ የራስህ ነው» የሚባለው ልክ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ትንንሽ የእጅ ሥራዎች ሲወራ አንድ ነገር ይደጋገማል። «ከሰው ሥራ ላይ ሦስት ነገር ከቀየርክ ኮፒ አይባልም» ይላሉ። በቅንነት እንደተባለ ይገባኛል፤ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር በሕጋችን የለም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ገለጥ አድርጉት። በአንቀጽ 5 መሠረት ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ አያገኝም። ስለዚህ የመንዝን የድንጋይ ቤት በመዳፍ ልክ መሥራት የማንም ርስት አይደለም። እኔም እሠራለሁ፣ እናንተም ሥሩ። አንቀጽ 7 ግን ሥራውን ማባዛትንም ሆነ ለውጦ ማቅረብን ለባለሥራው ይሰጣል።

ለመለየት ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ማንኛውም የመንዝ ቤት ያለውን በሐሳባችሁ አውጡት፦ የድንጋይ ካቡን፣ የሣር ክዳኑን፣ ክብነቱን። ከዚያ የቀረው በሁለቱም ላይ አንድ መሆን አለመሆኑን እዩ።

ደብረ ብርሃን ያየኋት አንዲት ሚጢጢ ቤት በሯ ላይ የክብሪት እንጨት የምታህል መሰላል ተደግፋለች። ከሥሯ ጆሮው የተሰበረ ጀበና አለ። ክዳኑ በግራ በኩል ብቻ ሳስቷል። ሌላ ሰው «የራሴ ናት» ባላት ቤት ላይም መሰላሏ፣ ጆሮ የሌለው ጀበናና የሳሳው ክዳን አሉ። የተቀየረው የበሩ ቀለም፣ የመሰላሏ ቁመትና ከሥር ያለው ጣውላ ነው። ሦስት ሞላ እንግዲህ!

ይህን ምክር አምኖ ሃያ ሠርቶ ገበያ ያወጣ ልጅ ግን ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ያኔ «ሦስት ቀይሬያለሁ» ማለት አያድነውም።